ሰጎኑ ያልቆመ ዕለት

ሁሪያ ዋሽታለች። ታሪኩን ከዚህ መጀመር ይሻላል። የፍቅር ታሪክ ሲጻፍ ሴቲቱን ንጹሕ አድርጎ፣ ጥፋቱን ሁሉ በዘመድና በጎረቤት ላይ ጭኖ ማስለቀስ የተለመደ ነው፤ የተለመደ ስለሆነ ግን እውነት አይሆንም። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠራተኞች ሰፈር፣ ሁሪያ አንዲት ቃል ዋሸች። ያቺ ቃል በጭነት መኪና ተሳፍራ ሰመራ ገባች። በአራተኛው ቀን ያቺው ቃል፣ ሁሪያ የምትወደውን ሰው ለሌላ ሴት ለመዳር ሽማግሌዎችን ሰበሰበች።

ሁሪያ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ አቶ አሕመድ በአሮጌው ባቡር ዘመን ሐዲድ ቀያሪ ነበሩ፤ ከወሎ መጥተው አዋሽ ላይ አግብተው ወለዱ፤ ባቡሩ ሲቆም እሳቸውም እዚያው ቆሙ። የቤታቸውን የፊት ክፍል ሁሪያ ጌም ቤት አደረገችው፦ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማጫወቻ፣ አንድ ቬንትሌተር። ደንበኞቿ የሚመጡት ለኳስ ነው። ከማጫወቻዎቹ ጋር የመጣ፣ ማንም የማይነካው አንድ ሌላ ጌም ነበር፤ የካርቱን እንስሳት ስኬትቦርድ ላይ ቆመው በደረጃ መደገፊያ የሚንሸራተቱበት፣ ከጣራ ጣራ የሚዘሉበት።

ከሁለት ዓመት በፊት ረድዋን የገባው ለቬንትሌተሩ ብሎ ነው። አፋር ነው፤ የአዋሽ አርባ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም። ለክትባት አዋሽ ተመድቦ፣ ግማሽ ቀን ፍየል ሲያሳድድ ውሎ፣ የተከፈተ በር አየና ገባ።

«ኳስ አልችልም፤ ሌላ የላችሁም?» አለ።

«ያለው የሕፃን ነው።»

«የሕፃኑን አምጪው።»

ከእንስሳቱ መካከል ሰጎኑን መረጠ። ለምን እንደመረጠው ጠየቀችው።

«እሱ ከማክማቸው ውስጥ የለም። ዕረፍት ላይ ነኝ» አላት።

እሷ ጃርቷን ያዘች። «ተስማምታሻለች፤ አይዞሽ፣ ጃርትም አክሜ አላውቅም» አለና ሳቀ። በመጀመሪያው ዙር ጃርቷ ከጣራ ወደቀች። ሰጎኑ ቆመ። ሜዳው ላይ ዝም ብሎ ቆሞ ጠበቃት።

«ምን ትቆማለህ? ነጥብ ይቀንስብሃል እኮ!»

«ይቀንስ።»

አንዳንዱ ወንድ ለሴት ጨረቃ አወርድልሻለሁ ይላል፤ ጨረቃ ሲያወርድ የታየ ግን የለም። ረድዋን ነጥብ አስቀነሰ። ሁሪያ የወደደችው በዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ይፈልግ።

ወደ ሰመራ ሲዛወር አንድ ማጫወቻ ገዝቶ ያንኑ ጌም ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሙቀቱ አዋሽን በር አዘግቶ በሚያስተኛበት ጊዜ፣ እሷ ከአዋሽ እሱ ከሰመራ ሆነው በኔትወርክ ይገናኛሉ። ከጨዋታው በፊት ግን ስልክ ይደወላል፤ ዳጉ አለ።

ዳጉን ያስተማራት እሱ ነው። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ እንዲያው ሰላም ብሎ አያልፍም። ይቀመጣል፤ ዓይንህ ምን አየ፣ ጆሮህ ምን ሰማ ብሎ ይጠይቃል። ያየኸውን ለብቻ፣ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ጠቅሰህ ለብቻ ትናገራለህ። ከዓይን የመጣ ቃል ምስክር ነው። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው አያገኝም፤ እንደሌለ ይቆጠራል። ያላየነውን እንዳየን አድርገን በስልካችን ስንበትን የምንውል የከተማ ሰዎች ይህን እንደ ተረት እናዳምጣለን። ማፈር የነበረብን እኛ ነን።

በዚሁ ደንብ፣ ገና በሁለተኛው ወር፣ ረድዋን የሚያሳምም ነገር አልደበቃትም። «አብሱማ አለኝ» አላት። በአፋር ልማድ ወንድ ልጅ የአባቱን እህት ልጅ ያገባል፤ ለረድዋን የተቆጠረችለት ሀምዳ ነበረች፤ ሰመራ የነርስነት ትምህርት የጀመረች የሃያ ዓመት ልጅ። ልማዱ ደግ ጎን አለው፣ ሴት ልጅ ያለ መከታ አትቀርም ይላሉ የሚያውቁት። ይሁን። ሀምዳን ማን ጠየቃት? የሁሪያም ወገን ቢሆን ከዚህ አይሻልም። አቶ አሕመድ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ሚስቱ ሳይወለድ የተቀመጠችለት ሰው ነው። አንቺ እዚያ ቤት ምን ልትሆኚ ነው፣ ቬንትሌተር?» ብለው አንድ ሳምንት አኮረፉ።

«ጊዜ ስጪኝ» አላት ረድዋን። ሰጠችው። ሰጥታ ግን መጨነቅ ጀመረች፤ ጊዜ የሚሰጥ ሰው ሥራው ይኸው ነውና።

የዚያ ሳምንት ሰኞ የረድዋን ስልክ ዝግ ሆነ። ማክሰኞም ዝግ፣ ረቡዕም ዝግ። ሐሙስ ከሰባት ሰዓት በፊት አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። ከዚያ በሩን ዘጋች፤ ማጫወቻውን ከፈተች፤ በዚያ በኩል ሰጎኑ ቆሟል።

ስልኩ ዝግ ነው፤ ሰጎኑ ግን አለ። ይህ ምን ማለት ነው?

ጃርቷን እጇን እንድታውለበልብ አደረገቻት። ሰጎኑ ዘግይቶ አውለበለበ። ጨዋታው ተጀመረ። ረድዋን ከእያንዳንዱ ዝላይ በፊት ሰጎኑን አንድ ጊዜ በግራ በኩል ያዞረዋል፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ይህ ሰጎን አይዞርም። ተደናብሮ ይሮጣል፤ ግድግዳ ይመታል፤ ተነሥቶ እንደገና ይሮጣል። አንድ ነገር ብቻ ቀራት። የመጨረሻው ጣራ ላይ ስትደርስ ጃርቷን ሆን ብላ ጣለቻት።

ሰጎኑ በላይዋ አልፎ ሄደ።

ጆይስቲኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። የእሱ እጅ አይደለም። ቤቱ ውስጥ፣ ማጫወቻው ፊት፣ ሌላ እጅ አለ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታስበው የኖረችው ስም ነው። ሰጎኑ ከሜዳው ጫፍ ሆኖ እንደገና እጁን አውለበለበ። አልመለሰችለትም። ቴሌቪዥኑን አጠፋችው፤ በጨለመው መስታወት ላይ የራሷን ፊት ስታይ አልወደደችውም።

በዘጠኝ ሰዓት በሩን ስትከፍት ብሩኬ ቆሟል። ብሩኬ የረድዋን ዘመድ ነው፤ ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ድንበር ገላፊ የጭነት መኪና የሚነዳ። ባለፈ ባገደመ ቁጥር እሷ ዘንድ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠጣል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የጃርት እናት።»

«ወአለይኩም ሰላም።»

ተቀመጠና ውኃውን ተቀበለ፤ እንደ ወገኑ ቆጥሮ ጠየቃት። «ዓይንሽ ምን አየ? ጆሮሽ ምን ሰማ?»

ሌላ ቀን ከዝናብ ትጀምር ነበር፤ ከዚያ መንገድ፣ ከዚያ ገበያ። ያን ቀን አልጀመረችም።

«ሀምዳ ረድዋን ቤት ገብታለች» አለች።

ብሩኬ ብርጭቆውን ከአፉ መለሰ። «ከጆሮሽ ነው ከዓይንሽ?»

«ከዓይኔ።»

የሚቀና ሰው ዜና ማውራት አይፈልግም፤ የሚፈልገው «ሐሰት ነው፣ ዝም በይ፣ አብደሻል» የሚለውን ሰው ነው። ሁሪያ ያንን ነበር የጠበቀችው። ብሩኬ ግን የተማረው ሌላ ነው፤ ዓይኔ ያለውን ሰው አይጠራጠርም። አመናት። ውኃውን በግማሽ ትቶ ተነሣ፤ ሞተሩ ሲጮኽ ሰማች፤ ሮጣ ልታስቆመው ፈለገች፤ ግን የተረፈውን ውኃ ደፍታ ብርጭቆውን አጠበች።

ደብዳቤው የደረሰው ሰኞ ነው። ያመጣው ሾፌር መኪናው ሚሌ ላይ ተበላሽቶበት አራት ቀን ቆሞ ነበር፤ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ዘይት የነካውን ፖስታ ሰጣት። ጽሑፉ የረድዋን ነው።

«ሁሪያዬ፣ ይህን የምጽፈው መኪና ኮፈን ላይ ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ በብረቱ ግለት ፍረጂ። በሽታ ገብቶ ፍየሉ እየረገፈ ስለሆነ ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ወጣን። ያለሁበት ኔትወርክ የለም። ቤቴ አቧራ ስለሚገባው ማጫወቻውን አክስቴ ቤት ትቼዋለሁ። ሀምዳ ትነካካው ይሆናል። ሐሙስ ሰጎኑን ካየሽው እኔ አይደለሁም፤ ብትወድቂና ባይቆም እንዳትከፊ። መቆም አላስተማርኳትም።

«ሌላው ዜናዬ ከዓይኔ ነው። እሁድ ከሀምዳ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። እሷም አትፈልግም። ስመለስ ሁለታችን አብረን ለአጎታችን እንነግረዋለን። ከዚያ አባትሽ ዘንድ እመጣለሁ። ጠብቂኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ፊደሎቹ ጠፉባት። ስልኩን አንሥታ ብሩኬ ዘንድ ስትደውል ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«ብሩኬ፣ ያ ነገር... አላየሁም።»

«ከዓይኔ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«አስተግፊሩላህ! ሁሪያ፣ ምን አደረግሽ? እኔ ለስድስት ሰው ነግሬያለሁ። ስድስቱ ለስንት እንደነገሩ አላህ ነው የሚያውቀው። ትላንት ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ልጅቷ ያለ ኒካህ ሰው ቤት ገብታለች ከተባለ ምን ይደረግ? ኒካሁ ለፊታችን ጁምዓ ተቆርጧል።»

«ስህተት ነው ብለህ ንገርልኝ።»

«እኔ ምን ብዬ? ከዓይን ነው ብዬ የሰጠሁትን፣ በስልክ ሰማሁ ብዬ ልመልሰው? የተናገረው አፍ ራሱ ይምጣ።»

«ረድዋን ያውቃል?»

«ያለበት ድረስ ሰው ሄዷል። ማን አየ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስምሽን ይነግሩታል። ዳጉ ያለ ስም አይሄድም።»

ስልኩ ሲዘጋ አቶ አሕመድ በሩ ላይ ቆመዋል። ስንቱን እንደሰሙ ፊታቸው ይናገራል።

«ያ ሰጎን አንድ ቀን እንደሚያዋርደን አውቄ ነበር» አሉ።

«ሰጎኑ ምን አደረገ አባባ? እኔ ነኝ።»

«እሱንስ ሰምቻለሁ።» አጠገቧ ተቀመጡ። ደብዳቤውን አልጠየቋትም። «አንቺ ሳትወለጂ፣ አንድ ቀን ሐዲዱን መቀየር ረሳሁ። የጭነት ባቡር በተሳሳተው ሐዲድ ገባ። መብራቴን ጥዬ ብሸሽ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ሄጄ ሐዲዱ መሐል ቆምኩ።»

«ከዚያስ? ባቡሩ ቆመ?»

«ባይቆም ማን ይወልድሽ ነበር?»

ሁሪያ ልትስቅ ስትል አለቀሰች። አባቷ ራስዋን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት፤ በጉልበት፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

«ልጁን አልወደውም» አሉ። «ይህንን ሳልነግርሽ አልተኛም። ግን ውሸትሽን ተሸክመሽ ያን ሁሉ አገር ብቻሽን አትሄጂም። ረቡዕ እንነሣለን።»

አውቶቡሱ ከአዋሽ ወጥቶ አዋሽ አርባን ሲያልፍ፣ በመንገዱ ዳር ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ታዩአት። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያወራሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ስንቱ ስሟን አንሥቷል? ሁሪያ የምትባል ሴት በዓይኗ አየች ብሎ፣ ምንም ሳይጨምር ምንም ሳይቀንስ፣ ያቺን ቃል በክብር ያቀበለ ስንቱ ነው? ቢያጣምሟት፣ ቢያጋንኗት ትጽናና ነበር፤ ሰው ዋሸ ትል ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የታመነ ሰው ተቀባብሎ ያደረሰው የእሷን ውሸት ነው።

ሐሙስ፣ ዙሁር ከተሰገደ በኋላ፣ ሰመራ በረድዋን አጎት ግቢ ሰሌን ተነጠፈ። አጎትየው የአባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የሀምዳ እናትም እህታቸው ናት። መፋቂያቸውን ጥርሳቸው መካከል ይዘው አዩአት። ብሩኬ ጥግ ላይ መሬት መሬት ያያል። ሀምዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ቀጭን ናት፣ ዓይኖቿ ግን ቀጭን አይደሉም፤ ሁሪያን ከጫማዋ እስከ ሻሿ መዘነቻት።

ረድዋን በስተመጨረሻ ገባ። ከፍየሎቹ መካከል በቀጥታ እንዳመጡት ያስታውቃል፤ አቧራው ሽፋሽፍቱ ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። ዓይኑ ዓይኗ ላይ ዐረፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ዓይን ምን እንደሚል ሳይነግራት ታውቀው ነበር። አሁን ምንም አላነበበችበትም። ፊቱን መልሶ ተቀመጠ።

«እንግዶች ስላሉ በአማርኛ ይሁን» አሉ አጎትየው። «ልጄ፣ ከሩቅ መጣሽ። ዓይንሽ ምን አየ?»

«ሰጎን» አለች ሁሪያ።

አንድ ሰው ሳቀ።

«ምን አለች?»

«ሰጎን ነው ያየሁት፣ አባቴ። ቴሌቪዥን ላይ። ካርቱን ነው፤ አራት ጎማ ባለው ጣውላ የሚንሸራተት።»

ሽማግሌው መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ብሩኬ!»

«አቤት።»

«ይህን ሁሉ ሰው ከሥራ ያስፈታሁት በሰጎን ነው?»

«እኔ በስልክ ቪዲዮ ያየች መስሎኝ ነው፣ አባቴ። ዘመኑ...»

«ዘመኑ የት ሆና እንዳየች አትጠይቅ አለህ? ዝም በል!» ወደ እሷ ዞሩ። «ሰጎኑንና ሀምዳን ምን አገናኛቸው?»

ሁሪያ አባቷ እንደሚሰሙ ታውቃለች። ብሩኬ ይሰማል፤ ሀምዳ ትሰማለች፤ በአጥሩ በኩል የተሰበሰቡት ሴቶችም ይሰማሉ። የምትናገረው ነገር ሴት ልጅ ለእናቷ እንኳ በሹክሹክታ የምትናገረው ነው።

«ሰጎኑ የረድዋን ነው። ጃርቷ የኔ ናት። ጃርቷ ስትወድቅ ሰጎኑ ይቆማል። ነጥብ ይቀንስበታል፤ ግን ይቆማል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይቆም ቀርቶ አያውቅም። ያን ሐሙስ ጣልኳት። አልቆመም። የእሱ እጅ አለመሆኑን አወቅሁ። ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ቤት አላየሁም። ሀምዳን አላየሁም፤ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ቀናሁ። ከዓይኔ ነው ብዬ ዋሸሁ።»

አቶ አሕመድ ጉልበታቸውን አጥብቀው ይዘዋል።

«ያንን ነገር አምጡት» አሉ ሽማግሌው።

ሀምዳ ቴሌቪዥኑንና ማጫወቻውን ጥላው ሥር አቆመችው። ሽማግሌው ሰጎኑን ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሣ፤ ከዚያ እንደ ዳኛ አዘዙ። ረድዋንና ሀምዳ ከጀርባዋ ይቀመጡ። የሚጫወተው ማን እንደሆነ ማንም አይንገራት። ሁሪያ ጃርቷን ትያዝ፤ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ ይሁን።

የመጀመሪያው ሰጎን ተደናብሮ ሮጠ፤ ግድግዳ መታ። ሁሪያ ጃርቷን ጣለቻት። ሰጎኑ አለፈ።

«ሀምዳ ናት።»

«እሺ። ሌላው።»

ሁለተኛው ሰጎን ወጣ። ከዝላዩ በፊት አንድ ጊዜ በግራ ዞረ። ጃርቷ ጣራው ጫፍ ደረሰች። ጣለቻት፤ ጠበቀች። ቁም። እባክህ ቁም።

ሰጎኑ በአጠገቧ አለፈ። ዘለለ። ከሜዳው ጫፍ ደርሶ ጀርባውን ሰጣት።

እንደገና ሀምዳ ናት ብትል ለራሷ ይሻላት ነበር፤ የማታውቀው ሰው ጀርባ ቢሰጣት መታገሥ ይቀላል። ነገር ግን ያየችውን ብቻ ልትናገር ያን ሁሉ መንገድ መጥታለች።

«ረድዋን ነው» አለች።

«አልቆመም እኮ።»

«አልቆመም። ግን እሱ ነው። ተቆጥቷል።»

ከጀርባዋ ጆይስቲኩ መሬት ሲቀመጥ ሰማች። ሽማግሌው ዞር ብለው የያዘውን ሰው አዩ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ መፋቂያቸውን በጣታቸው መካከል አንከባለሉ።

«ዓይንሽ አልዋሸም» አሉ። «ሌላ እጅ አየ፤ ልክ ነበር። ቤቱን የጨመረችው ምላስሽ ናት።» ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ሀምዳ፣ አንቺስ ዓይንሽ ምን አየ?»

ሀምዳ መጠየቋን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። «እናቴ ቤት ተቀምጬ ተጫወትኩ። ጃርቷ እጅ ነሣችኝ፤ እኔም ነሣኋት። ስትወድቅ መቆም እንዳለብኝ የነገረኝ የለም።» ከዚያ ድምፅዋ ወፈረ። «ዳጉ ከሆነ ደግሞ ሌላም አለኝ። ባለፈው እሁድ ይህን ሁሉ ሰው ስትሰበስቡ ያለ ኒካህ ወንድ ቤት የገባችው ማን ናት ተባለ እንጂ ገብተሻል ወይ ተብዬ አልተጠየቅሁም። ረድዋን ለእኔ ወንድም ነው። ትምህርቴን እጨርሳለሁ። ይህ ከአፌ ነው፤ ከጆሮም ከዓይንም አይደለም።»

በአጥሩ በኩል ካሉት ሴቶች አንዷ ድፍረቱ አስደንግጧት በምላሷ ጧ አደረገች። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ደክሟቸው ነበር።

«የነገው ኒካህ ቀርቷል፤ የቆመበት ቃል ወድቋል። የአብሱማው ጉዳይ ከልጅቱ እናት ጋር ገና እንነጋገርበታለን።» ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ሁሪያን አዩአት። «አንቺ ራስሽ መጥተሽ ውሸትሽን አንሥተሻል፤ አላህ ይቀበልሽ። ነገር ግን መንገዱ የሚኖረው ቃል በመታመኑ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከወገኔ ይህችን ልጅ ዓይንሽ ምን አየ ብሎ የሚጠይቅ አይኑር።»

አቶ አሕመድ ተነሡ። የልጃቸውን ክንድ ይዘው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ሁሪያ ወደ ኋላ አላየችም፤ ብታይ የምታየውን ፈራች።

አስፋልቱ ዳር ቆመው ወደ አዋሽ የሚሄድ መኪና ጠበቁ። ነፋሱ አሸዋ ያነሣል። ብሩኬና ሦስት አራት ሰዎች ከግቢው በር ላይ ቆመው ያዩአቸዋል። ረድዋን በመካከላቸው አልፎ ወጣ። ሲራመድ አየችው። አይቸኩልም። ፊት ለፊቷ ሲደርስ አቶ አሕመድ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ፤ የሚመጣ መኪና ግን አልነበረም።

«በረሓው ላይ መጥተው ሀምዳ ቤትህ ገብታለች አሉኝ» አለ ረድዋን። ድምፁ ሻክሯል። «ሳቅሁባቸው። ማን አየ አልኩ። ሁሪያ አሉኝ።»

ሁሪያ ነፋሱ የሚገልጠውን ሻሿን ያዘች።

«ከዚያ መሳቅ አቃተኝ። አንቺ ካየሽ እውነት ነው አልኩ። ቤቴን ቆልፌ እንደወጣሁ እያወቅሁ፣ በራሴ ተጠራጠርኩ። ይገባሻል? አንቺን አምኜ ራሴን ካድኩ።»

ይቅርታ ማለት ፈለገች፤ ቃሉ ከጥፋቷ አንሶ ታያት፤ ዋጠችው። በቃ፣ አሁን ይሄዳል አለች በሆዷ። አሁን ጀርባውን ይሰጠኛል።

ረድዋን ከእግሯ ሥር ያለውን ጠጠር በእግሩ ገለል አደረገ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። በጋለው ጠጠር ላይ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ መንገደኛ ከመንገደኛ ጋር ሲገናኝ እንደሚቀመጠው ተቀመጠ።

«ረድዋን!» ብሎ ጮኸ ብሩኬ ከበሩ። «ሰምተሃል እኮ! አይጠየቅም ተብሏል!»

ረድዋን አልዞረም። ቁጣው ፊቱ ላይ እንዳለ ነው፤ አቧራውም እንዳለ ነው።

«ዓይንሽ ምን አየ?» አላት።

አባቷን አየች። አቶ አሕመድ ባዶውን መንገድ እያዩ፣ «መኪናው ገና ነው፤ ተቀመጪ» አሉ።

ተቀመጠች። ጠጠሩ በቀሚሷ አልፎ አቃጠላት። ልቧ የሚመታው እንደ ባለፈው ሐሙስ ነበር፤ ጃርቷ ወድቃ፣ ሰጎኑ ይቁም አይቁም ሳይታወቅ፣ በዚያች አንዲት ሰከንድ እንደሚመታው። ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ምናልባት ከዚህ በኋላም ጨርሶ አይለቃትም። ነገር ግን ተጠይቃለች፤ መመለስ አለባት፤ አንዲት ቃል ሳትጨምር።

«አቧራ አየሁ» አለች በቀስታ። «ሽፋሽፍትህ ላይ።»

«ሌላስ?»

«የተቆጣ ሰው አየሁ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ቆሟል።»